ግፊቱን የሚፈጥረው ማን ነው? በእጅ ማንሻ የሚሠራ የኤስፕሬሶ ማሽን አመራረጥና አጠቃቀም

በጀበና የሚፈላ ቡና ጥንካሬውን የሚያገኘው ከጊዜ ነው። የተወቀጠው ቡና ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል፤ ጀበናው ከእሳት ይወርዳል፤ አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል፤ ከዚያም ይቀዳል። ኤስፕሬሶ ይህን ያህል ጊዜ የለውም። ሙቅ ውኃው ተጠቅጥቆ በተቀመጠ የቡና ዱቄት ውስጥ የሚያልፈው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። በጊዜ ያጣውን የሚያካክሰው በግፊት ነው።

አብዛኞቹ ዘመናዊ የኤስፕሬሶ ማሽኖች ይህን ግፊት የሚያገኙት ከኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። በእጅ ማንሻ የሚሠሩት ግን ፓምፕ የላቸውም። ግፊቱን የሚሰጣቸው የሰው ክንድ፣ ወይም በሰው ክንድ የተጨመቀ ስፕሪንግ ነው። አሠራራቸው ቀላል፣ ጥገናቸውም በአብዛኛው በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ቡና ወዳዶች ይፈልጓቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከገዛ በኋላ ቀጭንና ጎምዛዛ ቡና እየቀዳ፣ በመጨረሻም ማሽኑን ሣጥን ውስጥ የሚከት ገዢ አለ። የችግሩ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ አይደለም፤ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ አለመረዳት ነው።

ከእንፋሎት ወደ ማንሻ

እ.ኤ.አ. በ1884 አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቶሪኖ ከተማ ነዋሪ በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1901 ደግሞ የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ለእያንዳንዱ ጠጪ አንድ ስኒ ለብቻው የሚቀዳ ማሽን አስመዘገበ። በእነዚህ ማሽኖች ውኃውን የሚገፋው የእንፋሎት ኃይል ስለነበር ግፊቱ ከ1.5 ባር ብዙም አይዘልም ነበር። ግፊቱን ለመጨመር የግድ ሙቀቱን መጨመር ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ቡናው ያራል።

ይህን እስር የፈታው አኪሌ ጋጂያ ነው። በ1938 የመጀመሪያውን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ደግሞ ማንሻና ፒስተን ያለውን የፈጠራ ሥራውን አስመዘገበ። የእርሱ ማሽን ግፊትን ከሙቀት ለየ። ውኃው የሚሞቀው በአንድ በኩል ነው፤ የሚገፋው ግን በፒስተን ነው። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወደ 9 ባር አካባቢ ከፍ አለ፤ በስኒው ላይም ከዚያ በፊት ያልታየ ወርቃማ አረፋ ተንሳፈፈ። ይህ ዛሬ ክሬማ የምንለው ነው። በ1961 የፋኤማ ኩባንያ ኢ61 የተባለውን ባለ ፓምፕ ማሽን ሲያወጣ ቡና ቤቶች ቀስ በቀስ ማንሻውን ተዉ፤ በቤት ውስጥ ግን እንደ ላ ፓቮኒ ዩሮፒኮላ ያሉ ትንንሽ ባለ ማንሻ ማሽኖች እስከ ዛሬ ዘልቀዋል።

ክንድ እንዴት 9 ባር ይደርሳል?

1 ባር በባሕር ጠለል ላይ አየሩ በላያችን ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር በግምት እኩል ነው። 9 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 9 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። የፒስተኑ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊሜትር ቢሆን የገጹ ስፋት 19.6 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በጠቅላላው የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 180 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ይህን ማንም በክንዱ አይገፋም። ነገር ግን ማንሻው የእጅን ጉልበት ስምንት እጥፍ የሚያሳድግ ቢሆን፣ እጅ የሚፈለግበት ከ22 እስከ 23 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የፒስተኑ ስፋት ወደ 40 ሚሊሜትር ቢያንስ ደግሞ በዚሁ ማንሻ የሚያስፈልገው ከ14 እስከ 15 ኪሎ ግራም ይሆናል። ጉልበት የሚያሳስበው ገዢ ከሁሉ በፊት ሊመለከት የሚገባው የማንሻውን ርዝመትና የፒስተኑን ስፋት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። በባዶ ወንፊት ላይ ማንሻውን ብንጫነው ያለ አንዳች ተቃውሞ ይወርዳል፤ የግፊት መለኪያውም ከዜሮ እምብዛም አይነሣም። የተከፈተ በርን በሙሉ ጉልበት መግፋት እንደማይቻል ሁሉ፣ የሚቋቋመው ነገር የሌለውም ውኃ ግፊት አይኖረውም። እጅ የሚሰጠው ኃይል ነው፤ ያንን ኃይል ወደ ግፊት የሚለውጠው የውኃውን መንገድ የሚዘጋው ቡና ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ዋና ክፍል ከማሽኑ ውጭ ይገኛል፤ እርሱም የቡና መፍጫው ነው።

መፍጫው ይቅደም

በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ውስጥ ደቃቁና ሻካራው ተቀላቅሎ ይገኛል። ለጀበና ይህ ችግር አይሆንም፤ ሁሉም አብሮ ይፈላልና፣ በኋላም ይሰክናልና። ለኤስፕሬሶ ግን ከባድ ጉድለት ነው። በግፊት የተገፋ ውኃ ምንጊዜም ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። ሻካራው በበዛበት በኩል ቦይ ቀዶ ይሾልካል፤ ቦዩ ያለፈበት ቡና ከመጠን በላይ ታጥቦ ይመራል፤ ያልደረሰበት ደግሞ ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። አንዱ ስኒ በአንድ ጊዜ መራራም ጎምዛዛም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ምላጭ በሚሽከረከር ብረት የሚቆርጡ ርካሽ የኤሌክትሪክ መፍጫዎችም ይህንኑ ያልተስተካከለ ዱቄት ያወጣሉ።

የሚፈለገው ፍሬውን ጥርስ ባላቸው ሁለት ብረቶች መካከል የሚሰባብርና በጣም በትንንሽ ደረጃ ሊስተካከል የሚችል መፍጫ ነው። በእጅ የሚዞር ጥሩ መፍጫ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ይበቃል። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ከማሽኑ ዋጋ ቀንሶ በመፍጫው ላይ መጨመር ይበልጣል። መጠነኛ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር መልካም ስኒ ይሰጣል፤ ውድ ማሽን ከመጥፎ መፍጫ ጋር አይሰጥም።

ሦስቱ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት የራሱ የውኃ ማፍያ ያለውና ክንድ በቀጥታ የሚጫነው ነው። ዩሮፒኮላና የስዊዘርላንዱ ክሬሚና ከዚህ ወገን ናቸው። ግፊቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወስነው ተጠቃሚው ስለሆነ ነፃነቱ ሰፊ ነው፤ ልምምድም ይጠይቃል። እንፋሎት ስላለው ወተት ያሞቃል፤ ማኪያቶ ለለመደ ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ባለ ስፕሪንግ ነው። ኤሌክትራ ሚክሮካዛ አ ሌቫ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ክንድ ስፕሪንጉን ይጨምቃል፤ ስፕሪንጉ ደግሞ ሲለቀቅ ፒስተኑን ይገፋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ጀምሮ ስፕሪንጉ ሲላላ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህም ቡናው እየታጠበ በሚደክምበት በመጨረሻው ጊዜ የሚገፋውን ኃይል ስለሚቀንስ ለስላሳ ጣዕም ይሰጣል። ከቀን ቀን ተመሳሳይ ውጤት ለሚፈልግ ሰው ይስማማል።

ሦስተኛው ማፍያ የሌለው ነው፤ ፍሌርና ካፌላት ሮቦት የታወቁ ናቸው። ውኃ በሌላ ዕቃ ፈልቶ ይጨመርበታል። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው፤ በሻንጣ ይጓጓዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠል የኤሌክትሪክ ክፍልም የለውም። ወተት ግን አያሞቅም፤ ለብዙ እንግዳም አይመችም።

ሙቀት፣ ከፍታና የኤሌክትሪክ ኃይል

ኤስፕሬሶ በአብዛኛው ከ88 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ይሠራል። ጠቆር ብሎ ለተቆላ ቡና ዝቅተኛው፣ ገርጣ ብሎ ለተቆላና ለታጠበ እንደ ይርጋጨፌ ላለ ቡና ደግሞ ከፍተኛው ይሻላል። በዝግ ማፍያ ውስጥ ከከባቢ አየር በላይ 0.8 ባር ግፊት ሲኖር ውኃው 117 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ውኃ ለቡናው የሚስማማ ሆኖ የሚወርደው የማሽኑ ራስ ብረት ከሙቀቱ ከፊሉን ስለሚወስድ ነው። ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ግን ይህን ማድረግ ያቅተዋል። በትንንሾቹ ማሽኖች ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስኒ የሚመርረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔው ማሽኑን አጥፍቶ ማሳረፍ ነው።

ማፍያ በሌላቸው ማሽኖች የመኖሪያ ቦታ ከፍታ ዋጋ አለው። በዱባይ ወይም በሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ዴንቨር በ95፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የፈላው ውኃ ሳይዘገይ መፍሰስ፣ ውኃው የሚገባበት ብረትም አስቀድሞ በፈላ ውኃ መሞቅ አለበት። በዚያ ከፍታ ገርጣ ብሎ የተቆላ ቡና ይበልጥ ደቀቅ ብሎ መፈጨት ሊኖርበት ይችላል።

ማሽን ይዞ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በተቃራኒው ለ220 ቮልት የተሠራው በአሜሪካ ከሚገባው ኃይል አንድ ሦስተኛ እንኳ አያገኝም። የመሰኪያውን ጫፍ መለወጥ ቮልቱን አይለውጥም። ስለዚህ የሚሠራበትን አገር ወስኖ መግዛት፣ ወይም ማፍያ የሌለውን መምረጥ ይገባል።

አንድ ስኒ፣ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ ቡናው የተቆላበትን ቀን ይመልከቱ። በቡና ሥነ ሥርዓታችን ቡና ተቆልቶ ወዲያው ይጠጣል። አዲስ የተቆላ ቡና ግን ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይይዛል። በግፊት ውስጥ ይህ ጋዝ ውኃውን እየገፋ መንገዱን ያዛባል፤ አረፋውም ከመጠን በላይ ይበዛል። ለኤስፕሬሶ የተቆላውን ቡና ከ5 እስከ 10 ቀን ማሳረፍ ይሻላል። ወራት ካስቆጠረ ደግሞ ጋዙ ስለሚያልቅ ክሬማ አይኖረውም።

ማሽኑን ከነቡና መያዣው ያሙቁ። በግራም ሚዛን 14 ግራም ቡና መዝነው ይፍጩ፤ በወንፊቱ ውስጥ እኩል ያሰራጩና ቀጥ አድርገው ይጠቅጥቁት። ባለ ማፍያና በቀጥታ የሚጫን ማሽን ከሆነ ማንሻውን ወደ ላይ ያንሡ፤ ውኃው ወደ ቡናው ይገባል። የመጀመሪያው ጠብታ እስኪታይ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ደረቁ ቡና በእኩል የሚርሰው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም ማንሻውን በተረጋጋ ጉልበት ወደ ታች ይጫኑ። በ25 ወይም በ30 ሰከንድ ውስጥ 28 ግራም ያህል ቡና ከወረደ ጥሩ መነሻ አግኝተዋል።

ማንሻው ራሱ ይናገራል። ያለ ተቃውሞ ከወረደ ቡናው ሻካራ ነው። ፈጽሞ አልንቀሳቀስ ካለ ከመጠን በላይ ደቋል፤ በዚህ ጊዜ በሙሉ ሰውነት መጫን አይገባም። ስኒው ጎምዛዛና ቀጭን ከሆነ ይበልጥ አድቅቀው ይፍጩ ወይም ሙቀቱን ይጨምሩ፤ መራራና አፍ የሚያደርቅ ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ጥንቃቄ

ባለ ማፍያ ማሽን የታመቀ እንፋሎት የሞላበት ዕቃ ነው። የውኃ መሙያው ክዳን ግፊት እያለ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ማሽኑን አጥፍቶ እንፋሎቱን በወተት ማሞቂያው ቱቦ ማስወጣት፣ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ መክፈት ያስፈልጋል። ቡናው ከወረደ በኋላም መያዣውን ወዲያው መንቀል የጋለ አተላ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል፤ የቀረው ግፊት እስኪወጣ ይጠብቁ። ባለ ስፕሪንግ ማሽን ላይ ደግሞ ተቃውሞ ሳይሰማ ማንሻውን መልቀቅ አደገኛ ነው፤ ቡናው ሻካራ ከሆነ ወይም ከተረሳ ማንሻው ተፈናጥሮ ይመለሳልና ፊትን ከመንገዱ ማራቅ ይገባል። ሕፃናት በአጠገቡ አይቁሙ። ማፍያው ውኃ ሳይኖረው አይለኮስ፤ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ውኃው ጨዋማና ከባድ በሆነበት አገር በማፍያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር ይጋገራል፤ የተጣራ ውኃ መጠቀም ይህን ይቀንሳል። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ፤ ውኃ ማንጠባጠብ ሲጀምሩ መለወጥ ነው፤ ዋጋቸውም አነስተኛ ነው። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ቀለበቱ ማርጀቱን እንደ ትልቅ ጉድለት አይቁጠረው፤ የደህንነት ቫልቩና የግፊት መለኪያው መሥራታቸውን ግን ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይክፈል።

እንግዲህ ምርጫው በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፦ በአንድ ጊዜ ስንት ስኒ ይቀዳል? ወተት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ማሽኑ የሚሠራው በየትኛው አገር ነው? ከእነዚህ በኋላ የሚቀረው ቡናውን በትክክል መፍጨት ነው፤ ክንድ የሚሰጠውን ኃይል ግፊት የሚያደርገው እርሱ ነውና።