የአንጀት መዘጋት በማኅፀን ላለ ሕፃን፦ አስቀድሞ የማወቅ ጥቅም

ለሰባታሚትና ለአካባቢው አጥቢያዎች የጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ የሆስፒታል ቅርበት በእጅጉ የሚጠቅመው ችግሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በዚህ ትምህርት ከወሊድ በፊት ሊታወቁ ከሚችሉት የሕፃናት ሕመሞች አንዱን፣ የአንጀት መዘጋትን፣ እንመለከታለን።

በማኅፀን ያለ ሕፃን የሽርት ውኃ ይውጣል፤ ውኃውም በአንጀቱ በኩል ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል። አንጀቱ ከተዘጋ ግን ውኃው ከተዘጋው ስፍራ በላይ ይጠራቀማል። መዘጋቱ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ሲሆን በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ሁለት ጥቋቁር ክበቦች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ጨጓራው፣ ሌላው የተወጠረው አንጀት ነው። የሽርት ውኃውም ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ይህ መዘጋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ታይቻለሁ» ብሎ ክትትልን ማቋረጥ አይገባም፤ ሆድ ከወሩ በላይ ከገፋም ለባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። ምስሉ በራሱ አይፈውስም፤ ጥቅሙ እናቲቱ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል እንድትወልድ ማስቻሉ ነው።

ሕመሙ ሳይታወቅ የተወለደ ሕፃን አረንጓዴ ትውከት ካስመለሰው ቅቤም፣ ውኃም፣ ጡትም ሳይሰጠው፣ ሙቀቱ ተጠብቆ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሆዱ የተነፋ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ያላወጣ ሕፃንም ሳይዘገይ በባለሙያ ይታይ።

የንስሐ አባቶች ሕመሙ የእናቲቱ ጥፋት አለመሆኑን ለቤተሰቡ እንዲያስረዱ እናሳስባለን። ለሞት የሚያሠጋ ሕፃን 40 ወይም 80 ቀኑን ሳይጠብቅ ሊጠመቅ ስለሚችል፣ ክርስትናው ለሕክምናው መዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበቴ ማኅበራት ደግሞ የመጓጓዣ ገንዘብ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ሌሊት ሕፃን ቢታመም የማንን መኪና እንጠራለን? ገንዘቡስ በማን እጅ ይገኛል?