ኩባንያ ስለ መግዛትና ክፍሉን ስለ መሸጥ
ከታላላቅ ኮምፒዩተሮች ታሪክ የተገኘ ትምህርት

አንድ ነጋዴ ሌላውን ድርጅት ጠቅልሎ በሚገዛበት ጊዜ የሚረከበው ሕንፃና ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኞቹን ዕውቀት፣ የተጀመረውን ሥራና የደንበኞቹን እምነት ጭምር ነው። ከነዚህ ውስጥ የትኛው ሊያዝ፣ የትኛውስ ሊሸጥ እንደሚገባ ለይቶ አለማወቅ ብዙ ጥቅም ያሳጣል። ለዚህም በአሜሪካ አገር የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ንግድ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ተራው ኮምፒዩተር በአንድ ፕሮሰሰር ሲሠራ፣ ታላቁ ሰርቨር ግን ብዙ ፕሮሰሰሮችን በአንድ የጋራ ሜሞሪ ላይ ያሠራ ነበር። ይህም ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ መዝገብ የሚጽፉበትን የንግድ ቤት ይመስላል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ወዲያው ካላወቀ ሒሳቡ ይፋለሳል። ስለዚህ ጭንቁ ጸሐፊ በማብዛቱ ሳይሆን፣ መዝገቡን ያለ ግፊያና ያለ ስሕተት ለሁሉም በማዳረሱ ላይ ነው።

ክሬይ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ በ1991 ፍሎቲንግ ፖይንት ሲስተምስን ገዝቶ፣ በ1993 እስከ 64 የስፓርክ ፕሮሰሰሮች የሚይዝ ሰርቨር አስተዋወቀ። ስፓርክ የሰን ማይክሮሲስተምስ ሥራ ነበር። በ1996 ሲሊኮን ግራፊክስ ክሬይን 740 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል ዋጋ ገዛ። ገዥው ግን የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሰርቨሮች ስለ ነበሩት፣ የስፓርኩን ክፍል በዚያው ዓመት ለተወዳዳሪው ለሰን ሸጠው።

ሰን ከዚሁ ክፍል ሥራ በ1997 ኢንተርፕራይዝ 10000 የተባለውን ሰርቨር አወጣ። አንዱ መሣሪያ ተከፋፍሎ እንደ ብዙ መሣሪያዎች ለየብቻ ሊሠራ ስለሚችል፣ በታላላቅ ድርጅቶች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ሲሊኮን ግራፊክስም የሸጠውን ሥራ በገበያ ላይ ተወዳዳሪ ሆኖ አገኘው። ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፣ በ2006 ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በ2009ም ንብረቱ ለራኬብል ሲስተምስ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ ሰንም ቢሆን በአንድ መልካም ግዢ ለዘለዓለም አልዳነም። የኢንተርኔት ንግድ ግለት ሲበርድና ርካሽ የሆኑ ትንንሽ ሰርቨሮች ሲበዙ ገበያው ጠበበው፤ በ2010 ኦራክል በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለሻጩ የማይስማማ ክፍል ለገዥው ታላቅ ሀብት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሸጥ በፊት ዕቃው በማን እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል መመርመር ይገባል። ሁለተኛ፣ በመልካም ግዢ የተገኘ ትርፍ የገበያውን መለወጥ ከመከታተል አያሳርፍም።