በገዛ ስም ስለ መቆም

ሰው ከሚለብሳቸው ልብሶች ሁሉ ለመልበስ የሚቀለው፥ ለማውለቅ ግን የሚከብደው የሌላ ሰው መልክ ነው። ጨርቅ የሆነው ልብስ ማታ ይወልቃል፤ የተውሶ መልክ ግን ከለባሹ ጋር ያድራል፥ ከእርሱም ጋር ይነሣል፤ ብዙ ዘመን የቆየ እንደ ሆነም ለባሹ የገዛ መልኩን ይረሳል። የተወደዳችሁ ምእመናን፥ በዚህ ትምህርት ልንመለከተው ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም ሰው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት በገዛ ስሙ መቆም እንደሚገባው፥ በተውሶ ስም የተቀበለው በረከት እንኳ ዕረፍት እንደማይሰጠው ነው።

በግእዙ ወንጌል ግብዞች «መደልዋን» ተብለው ይጠራሉ። ይህ ቃል በአማርኛ «አድልዎ» ከምንለው ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ነው። አድልዎ የሰውን ፊት አይቶ መፍረድ እንደ ሆነ፥ ግብዝነትም የሰውን ፊት እያዩ መኖር ነው። ወንጌል በተጻፈበት በጽርእ ቋንቋ ደግሞ ግብዝ የተባለበት ቃል የተዋናይ ስም ነበረ። ተዋናይ በዚያ ዘመን ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ የሌላውን ሰው ቃል እየተናገረ በሕዝብ ፊት ይጫወት ነበር፤ ጨዋታው ሲያበቃ ግን ጭምብሉን አኑሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ስለ ምጽዋት፥ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ሲያስተምር የነቀፋቸው ሰዎች ጭምብላቸውን ይዘው ወደ ጸሎት ቦታ የገቡ ናቸው።

ያዕቆብ በዔሳው ልብስ

የዚህን ነገር ምሥጢር ገልጦ የሚያሳየን የአባታችን የያዕቆብ ታሪክ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈው፥ ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ የበኵር ልጁን ዔሳውን ሊመርቅ አሰበ። ርብቃም የዔሳውን መልካም ልብስ ለያዕቆብ አለበሰችው፤ ዔሳው ጠጕራም ነበረና የጠቦቶቹን ቆዳ በያዕቆብ እጅና አንገት ላይ አደረገች። አባቱም ማን እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ያዕቆብ የወንድሙን ስም ጠርቶ «እርሱ ነኝ» አለ። ሽማግሌው ድምፁን ሰምቶ ተጠራጠረ፤ እጁን ዳስሶ ግን አመነና መረቀው።

እዚህ ላይ ልብ አድርገን ልንመለከተው የሚገባ ነገር አለ። ሁለቱ ልጆች ገና በማኅፀን ሳሉ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ እግዚአብሔር ለርብቃ ነግሯት ነበር፤ ይህም በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ተጽፏል። እንግዲህ ያዕቆብ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሊቀበለው የገባው በረከት አስቀድሞ ለእርሱ የተነገረ ነበር። የራሱ የሆነውን ነገር በሌላ ሰው ስም ተቀበለ። የሰው ሁሉ ድካም እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር በገዛ ስማችን ሊሰጠን ያዘጋጀውን ክብር ማመን ተስኖን፥ በሌላው ስም ልንወስደው እንቸኩላለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም እንመልከት። ያዕቆብ ተመርቆ ሳለ ከአባቱ ቤት ሸሸ። በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ። በዓይነ ስውር አባቱ ፊት ወንድሙን መስሎ የቆመው ሰው፥ በሌሊት ጨለማ ራሔልን ያገባ መስሎት ልያን አገባ። ዘመን አልፎም ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለትና አለቀሰ። በልብስና በጠቦት አባቱን እንዳታለለ፥ እርሱም በልብስና በፍየል ደም ተታለለ። የተውሶ መልክ ዋጋ የሚጠይቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በያቦቅ ወንዝ አጠገብ

በምዕራፍ 32 እንደምናነበው፥ ያዕቆብ ወደ አገሩ ሲመለስ ወንድሙ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ ሊገናኘው እንደሚመጣ ሰማ። በዚያች ሌሊት ቤተ ሰቡንና ከብቱን ሁሉ ወንዙን አሻግሮ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰውም እስከ ንጋት ድረስ ከእርሱ ጋር ታገለ። ያዕቆብ ካልመረቀው እንደማይለቀው በነገረው ጊዜ፥ ያ የታገለው ስሙን ጠየቀው።

የጠየቀው ስሙን አጥቶት አልነበረም። በገነት አዳምን ያለበትን ስፍራ የጠየቀ አምላክ ስፍራውን ያውቅ እንደ ነበረ፥ የያዕቆብንም ስም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከብዙ ዘመን በፊት ይህ ሰው በረከት ሲፈልግ ማንነቱ ተጠይቆ የሌላ ሰው ስም ጠርቶ ነበርና፥ አሁን ያው ጥያቄ ዳግመኛ ቀረበለት። በዚህ ጊዜ ያለው ያዕቆብ ነኝ ነው። ዔሳው በምሬቱ ሰዓት፥ ወንድሙ ሁለት ጊዜ ስላሰናከለው ይህ ስም እንደሚገባው ተናግሮ ነበር። ስለዚህም ያዕቆብ ስሙን መናገሩ ኃጢአቱን መናዘዙ ሆነ። ስሙን እንደ ተናገረም እስራኤል የሚል አዲስ ስም ተሰጠው፥ ተባረከም። እያነከሰ ወጣ፤ ነገር ግን የፈራው ወንድሙ ሮጦ አቅፎ ሳመው። በዔሳው ልብስ ተውቦ ከዔሳው ሸሽቶ ነበር፤ በገዛ ስሙ እያነከሰ ሲመጣ ግን ከዔሳው ጋር ታረቀ።

ይህ ነገር ለእኛ እንዴት ይሆናል?

ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና ስም ትሰጣለች። በዓለም የምንጠራበት ስም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሹመትም፥ ማዕርግም፥ የትምህርት ዲግሪም ይጨመርበታል። በመጨረሻው ቀን ግን በጸሎተ ፍትሐት ካህኑ የሚጠራን በክርስትና ስማችን ነው። ያን ጊዜ ከቅጽል ሁሉ ተለይተን በአንድ ስም ብቻ እንቆማለን። ጥበበኛ ሰው ያን ቀን ሳይጠብቅ በየቀኑ በዚያ ስም መቆምን ይለማመዳል።

ይህ የሚለመደው አስቀድሞ በንስሐ ነው። በነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ በጠቅላላው «ኃጢአተኛ ነኝ» ብቻ ብሎ የሚመለስ ሰው አለ። ቃሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁሉ የሚለው ቃል ስለ ሆነ የማንም ስም አይደለም። ሌላው ደግሞ የራሱን በደል ሲጀምር የሚስቱን ቍጣ፥ የጎረቤቱን ተንኮል፥ የአለቃውን ጭካኔ ተርኮ ይጨርሳል። እርሱም በዔሳው ልብስ የገባ ነው። ሐኪም የጎረቤትን ቍስል በእኛ ላይ እንደማያክም፥ ካህንም ያልተነገረውን ቍስል አያስርም።

ሁለተኛው መለማመጃ ቤታችን ነው። በአገራችን ይሉኝታ የሚባል ብርቱ ዳኛ አለ። ይሉኝታ በመልካም ጎኑ ሰውን ከነውር ይከለክላል፥ ሽማግሌን ያስከብራል፥ ባለጠጋውም ድኻውን እንዳይንቅ ያደርጋል። ፈሪሃ እግዚአብሔር ሊቀመጥበት በሚገባው ወንበር ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ጨካኝ ገዢ ይሆናል። አባት የሞተባቸውን ልጆች እናስብ። የ40 ቀን ተዝካር ሲደርስ «ሰው ምን ይለናል» በማለት በሬ ሸጠው፥ ገንዘብ ተበድረው ድንኳን ይተክላሉ፤ እንግዳው በልቶ ከሄደ በኋላ እናቲቱ ከዕዳ ጋር ትቀራለች። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ትጸልያለች፤ በስማቸው ለነዳያን መመጽወትንም ታስተምራለች። ከዐቅም በላይ የሆነ ድግስ ግን ከእርስዋ አይጠየቅም። ጌታችን በመቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያመሰገናት ያላትን በእውነት ስለ ሰጠች ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 5 ግን ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀርተው፥ ሁሉን እንደ ሰጡ መስለው ቀረቡ። ቅዱስ ጴጥሮስ መሬቱ የራሳቸው እንደ ነበረ፥ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣናቸው እንደ ነበረ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ያጠፋቸው ያስቀሩት ገንዘብ ሳይሆን ሙሉ መስሎ መታየታቸው ነው። ጥቂት ሰጥተው «ይህ ጥቂት ነው» ቢሉ በሕይወት በኖሩ ነበር።

ይህ ፈተና በስደት ላሉት ልጆቻችን ደግሞ ይበረታል። በአሜሪካም በአውሮፓም ቀንና ሌሊት ሠርቶ የሚያድር ወንድም፥ ለቤተ ሰቡ «ደኅና ነኝ፥ ተመቸኝ» እያለ ብድር ወስዶ ገንዘብ የሚልክበት ጊዜ አለ። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ከሚያገለግሉት እኅቶቻችን መካከልም ሥራ ለማግኘት ሲሉ በወረቀት ላይ ስማቸውን የለወጡ፥ የአንገታቸውን ማተብ የሰወሩ አሉ። በችግር ተይዘው ይህን ባደረጉት ላይ በተመቻቸ ቤት ተቀምጠን ልንፈርድ አይገባንም። ነገር ግን ሰው በጠራቸው ስም እግዚአብሔር የሰጣቸውን ስም እንዳይረሱ፥ በጓዳቸው በክርስትና ስማቸው እንዲጸልዩ፥ መንገድ ባገኙ ጊዜም ለነፍስ አባት እንዲገልጡት እንመክራለን።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። መልክ መዋስ ከለባሹ ብቻ አይመጣም። ይስሐቅ ዔሳውን ይወድ እንደ ነበረ፥ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ትወድ እንደ ነበረ ተጽፏል። ፍቅር በተከፈለበት ቤት ያዕቆብ በአባቱ ዘንድ ለመወደድ ዔሳውን መምሰል አስፈለገው። ልጁ በፈተና ወድቆ እውነቱን ሲናገር የሚደበድብ አባት፥ ከባሕር ማዶ «ሥራ አጣሁ» የሚል ቃል ሲሰማ የሚቀየም ወንድም፥ ኃጢአቱን ሲናዘዝለት ፊቱን የሚያጠቍር ካህን፥ እነዚህ ሁሉ በእጃቸው የጠቦት ቆዳ እየሰፉ ነው። እውነት በሚቀጣበት ቤት ሐሰት ያድጋል። ስለዚህ በገዛ ስማችን መቆምን ስንማር፥ ሌላው በፊታችን በገዛ ስሙ እንዲቆም ስፍራ መስጠትንም እንማር።

ሁለት ጥያቄዎች

ምናልባት አንዱ፥ «እኔ ተፈጥሮዬ ቍጡ ነው፤ ያሰብሁትን እናገራለሁ፤ ራሴን መሆኔ ነው» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር በዘመናችን በዝቷል። ነገር ግን ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ ነው፤ እውነተኛ መልኩም ይህ ነው። ቍጣና ስካር፥ ስድብና ስስት በዚህ መልክ ላይ የተለጠፉ ትቢያዎች ናቸው። ትቢያውን መግለጥ ለንስሐ ይጠቅማል፤ ትቢያውን መልኬ ነው ማለት ግን ሌላ ጭምብል ነው። ያዕቆብ ስሙን የተናገረው በዚያው ሊቀር ሳይሆን እንዲለወጥለት ነው።

ሌላው ደግሞ፥ «ቅዱሳን ማንነታቸውን ይሰውሩ አልነበረምን? ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሲሆን በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ አልኖረምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ጥቅምት 14 ቀን የምናስበው ይህ ቅዱስ የሰወረው ክብሩን ነው፤ የሰወረውም ከውዳሴ ለመሸሽ ነው። ግብዝ ግን ውርደቱን ሰውሮ የሌለውን ክብር ያሳያል። ጌታችንም የሚጾም ሰው ራሱን ተቀብቶ ፊቱን ታጥቦ እንዲታይ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ጽድቅን መሰወር ትሕትና ነው፤ ኃጢአትን በጽድቅ ስም መሸፈን ግን ግብዝነት ነው።

በአገልግሎትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም በወጣ ጊዜ ሳኦል የገዛ ጥሩሩን አለበሰው። ዳዊትም በዚያ መሄድ ስላልለመደ አወለቀውና በትሩን፥ ወንጭፉንና 5 ድቡልቡል ድንጋዮችን ይዞ ወረደ። ዛሬም የታወቀ ሰባኪን ድምፅና የእጅ አነሣሥ ሳይቀር ሲቀዳ የሚደክም ወጣት ሰባኪ እናያለን። ለአንዱ ዜማ፥ ለአንዱ ቅኔ፥ ለአንዱ ትርጓሜ፥ ለአንዱም ደጀ ሰላሙን መጥረግ ተሰጥቶታል። ከመምህር መማር ይገባል፤ ጥሩሩ ግን በልክ ካልሆነ ለጦርነት አይረዳም።

እንግዲህ፥ ምእመናን ሆይ፥ ማታ ከመተኛታችን በፊት የክርስትና ስማችንን ጠርተን፥ በዚያ ቀን የሌላ ሰው መልክ የለበስንበትን አንድ ሰዓት ለእግዚአብሔር እንንገረው። በማግስቱም በዚያ ሰዓት ላዘንንበት ወይም ላታለልነው ሰው አንድ እውነተኛ ቃል እንናገር። አንድ ቃል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያዕቆብም በያቦቅ ከስሙ በቀር የተናገረው ኑዛዜ አልነበረም። በዚያች ቃል ግን የሃያ ዓመት ሽሽቱ አበቃ።

በስማችን የሚያውቀን፥ በድካማችንም የማይንቀን አምላካችን እግዚአብሔር፥ በፊቱ ያለ ጭምብል የምንቆምበትን ድፍረትና ወንድሞቻችንን ያለ አድልዎ የምንቀበልበትን ልብ ያድለን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።