የቬክተር ሥዕል በአኒሜሽን ውስጥ ሲጎላ ለምን ይደበዝዛል?

የቨርኒየር ካሊፐርን አነባበብ ለተማሪዎቻችን የሚያስረዳ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ስናዘጋጅ አንድ ችግር ገጥሞን ነበር። መሣሪያውን በቬክተር ሥዕል ሠርተን ወደ አኒሜሽን ሶፍትዌር አስገባነው። ሁለቱን መለኪያዎች አቅርበን ለማሳየት 8 እጥፍ ስናጎላው ግን መስመሮቹ ደበዘዙ፤ የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደገጠመ መለየት አልተቻለም። ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ተማሪው 3.4 ሚሊ ሜትር ይሁን 3.5 ሚሊ ሜትር መለየት ካልቻለ ትምህርቱ ራሱ ከንቱ ይሆናል። ለመሆኑ የቬክተር ሥዕል የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም ይባል የለምን?

ቬክተርና ፒክስል

በፊዚክስ ቬክተር ስንል መጠንና አቅጣጫ ያለውን ነገር ማለታችን ነው። በሥዕል ሶፍትዌር ግን ቬክተር የሚባለው ቅርጹ በነጥቦችና በቀመር የተመዘገበ ሥዕል ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ጥምዝ መስመሮች በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠሩ በነበሩት በፈረንሳዊው መሐንዲስ በፒየር ቤዚየር ስም ይጠራሉ። በብዛት የሚሠራበት የቤዚየር ጥምዝ 4 ነጥቦች፣ ማለትም 8 ቁጥሮች ብቻ ይበቁታል። ሥዕሉን 8 እጥፍ ማጉላት ቁጥሮቹን በ8 ማባዛት ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም።

የፒክስል ምስል ግን ከዚህ ይለያል። 100 በ100 የሆነ ምስል 10,000 ፒክስሎች አሉት። በሁለቱም አቅጣጫ 8 እጥፍ ሲጎላ 640,000 ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፒክስል የ64 ፒክስሎችን ቦታ እንዲሸፍን ይገደዳል። አዲስ መረጃ ከየትም አይመጣም።

ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው

የኮምፒውተር መስኮት የሚያሳየው ፒክስል ብቻ በመሆኑ ማንኛውም የቬክተር ሥዕል በአንድ ወቅት ወደ ፒክስል መለወጡ አይቀርም። ጥያቄው መቼ ይለወጣል የሚለው ነው። በእኛ ሥዕል 1 ሚሊ ሜትር በ5 ፒክስል ተወክሎ ነበር። የዋናው መለኪያ አንድ ክፍል 1 ሚሊ ሜትር፣ የቨርኒየሩ ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነታቸው 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ፒክስል ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ፒክስል ለውጠን ቀጥሎ ብናጎላ ይህ ልዩነት ይደበዝዛል። መጀመሪያ አጉልተን ቀጥሎ ብንለውጥ ግን 1 ሚሊ ሜትር 40 ፒክስል፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ደግሞ 4 ፒክስል ይሆናል፤ ዓይንም በግልጽ ያየዋል። ስሕተቱ የራሳችን ነበር፤ ቅደም ተከተሉን አላስተካከልንም።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ. በአፍተር ኢፌክትስ የሚሠራ ሰው ከኢሉስትሬተር ባስገባው ሌየር አጠገብ ፀሐይ የሚመስለውን «ኮንቲኒዩየስሊ ራስተራይዝ» የተባለ ምልክት ያብራ። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ ከጎላ በኋላ ወደ ፒክስል ይለወጣል። ሥዕሉ በሌላ ኮምፖዚሽን ውስጥ ካለና የሚጎላው ኮምፖዚሽኑ ከሆነ በእርሱም ላይ ይኸው ምልክት መብራት አለበት።

2ኛ. ደበዘዘ ብሎ ከመወሰን በፊት የማሳያው ጥራት በግማሽ ወይም በሩብ አለመደረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

3ኛ. በቬክተር ፋይል ውስጥ የገባ ፎቶግራፍ ፒክስል ሆኖ ስለሚቀር ምልክቱ አያድነውም።

4ኛ. ሶፍትዌሩ የፒክስል ምስል ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከፍተኛውን የማጉላት መጠን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። 240 ፒክስል ስፋት ያለውና 8 እጥፍ የሚጎላ ሥዕል በ1,920 ፒክስል ተዘጋጅቶ፣ ሲገባ ወደ 12.5 በመቶ ዝቅ ይደረጋል።

ይሁን እንጂ ምልክቱን ማብራት የራሱ ዋጋ አለው። ሥዕሉ መጠኑን በለወጠ ቁጥር ልወጣው እንደገና ስለሚከናወን ሥራው ሊዘገይ ይችላል። በተጨማሪም እንደ ጥላ ያሉ ኢፌክቶች የሚጨመሩት ከማጉላት በኋላ ስለሚሆን በ10 ፒክስል የተወሰነ ጥላ ሥዕሉ ቢያድግም በ10 ፒክስል ይቀራል።

በመጨረሻም ለአንባብያን አንድ መልመጃ እንተው፦ 1 ሚሊ ሜትር በ3 ፒክስል ቢወከልና ሥዕሉ 20 እጥፍ ቢጎላ፣ የ0.1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከማጉላት በፊትና በኋላ ስንት ፒክስል ይሆናል? በየትኛው ቅደም ተከተልስ ይነበባል?