ፈቃድ፣ ሰዓትና ቦታ፦ ስለ ሥጋ ጤና የተሰጠ ትምህርት

ሥጋ የነፍስ ጠላት ብቻ እንደሆነ አድርገን የምንናገር ብዙዎች ነን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለተኛው ምሥጢረ ሥጋዌ ነው፤ አምላክ ሥጋችንን ተዋሐደ ብለን እናምናለን። አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ በዚያ ቀን የሚነሣውም ይኸው የእኛ ሥጋ ነው። እንግዲህ አምላክ የተዋሐደውንና የሚያስነሣውን ሥጋ ችላ ብሎ መጣል ትሕትና ሊባል አይችልም።

«ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነትን ልምምድ ከእግዚአብሔር መምሰል በታች አድርጎት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ አድርጎታል። ከበታች ማስቀመጥና ጨርሶ ማስወገድ ግን ለየቅል ናቸው።

ይህን ሁሉ ማወቃችን ግን ከወንበራችን አያስነሣንም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ሰፈር እንመልከት። እሑድ ንጋት ላይ ወጣቶች ተሰብስበው አስፋልት ዳር ሶምሶማ ሲሮጡ፣ ማስ ስፖርት ሲሠሩ ከኮንዶሚኒየሙ መስኮት እናያቸዋለን። «ጎበዞች!» እንልና መጋረጃውን እንመልሳለን። ስኳር ያለባቸው አባት ሐኪሙ «ይንቀሳቀሱ» ሲላቸው «እሺ» ብለው ይወጣሉ፤ በማግሥቱ እስከ ቅርቡ የፔፕሲ ፌርማታ ለመድረስ እንኳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ይገኛሉ። እሺታቸው ውሸት አልነበረም። ታዲያ ምን ጎደለ?

በ2002 እ.ኤ.አ. ሚልን፣ ኦርቤልና ሺራን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 248 ተማሪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ለማነጻጸሪያ ያህል ስለ ስፖርት ጥቅም ምንም ሳይነገራቸው ቀሩ። ሁለተኛዎቹ ስለ ልብ ሕመም አደጋና ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም አነበቡ። ሦስተኛዎቹ ያንኑ አንብበው፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንደሚሠሩ በጽሑፍ ወሰኑ። በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሠሩት ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 35 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ ደግሞ 91 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ያነበቡት ካላነበቡት አልተሻሉም። እኛ ሰባኪዎች ይህን ቁጥር ደጋግመን ብናየው ሳይጠቅመን አይቀርም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ «ስገድ» ብሎ ብቻ አያሰናብትም። ስንት እንደሚሰገድ፣ ለስንት ቀን እንደሚሰገድ ይወስናል። ይህንንም የሚወስነው የሰውየውን አቅም አይቶ ነው፤ ለሕመምተኛና ለአረጋዊ የጎበዝ ሸክም አይጫንም። ሐኪሙ የነገረንን ምክርም እንዲሁ ቀንና ሰዓት ቆርጠን ብንቀበለው ኖሮ ሳምንት ሳይሞላው ባልረሳነው ነበር። (ስግደት ለጤና ሲባል አይሰገድም፤ ይህ እንዲምታታብን አልፈልግም። በበዓለ ኀምሳ ጾምም ስግደትም እንደሌለ ሁላችን እናውቃለን፤ ሥጋውና ቅቤው ግን በየገበታው ነው። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት የእግር ጉዞን ማን ከለከለን?)

ቀንና ሰዓት መቁረጥ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ነገር ፈቃድ ነው። እግዚአብሔር ሰውን በነጻ ፈቃድ ፈጠረው፤ ለመልካም እንኳ አያስገድደውም። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲመራመሩ የደረሱበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው አንድን ሥራ ጸንቶ የሚይዘው የራሱ ምርጫ ሲሆን፣ እችለዋለሁ ሲልና ከሌሎች ጋር ሲያስተሳስረው ነው ይላሉ። በፍርሃት ወይም በይሉኝታ የተጀመረ ሥራ ተቆጪው ዞር ሲል ይቆማል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን «ወፈርሽ» ብላችሁ አታሸማቅቁ። «እማዬ፣ ብትበረቺ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት «ቁልቢ ሄጄ ዳገቱን ሳላርፍ መውጣት» ይሉ ይሆናል። እንዲህ ካሉ ምክንያቱን ከራሳቸው አፍ አገኛችሁ። እናንተ በላዩ ምንም አትጨምሩ።

እችላለሁ እንዲሉ ደግሞ ከትንሽ ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ዝቅተኛው 150 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ሠላሳ ደቂቃ ነው። መመሪያው ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላልና በአሥር ደቂቃ የጀመረ አይናቅ።

ስለ አብሮነት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት ብቻውን የማይወጣው ሁሉ ከነልጆቹ ሲወጣ አይተናል። እኛስ ሰንበቴና ማኅበር፣ እድርም አለን። ጠበል ጻዲቁን ቀምሰን ስናበቃ መኪና ከመጠበቅ ይልቅ ሁለት ሦስት ሆነን በእግር ብንመለስ ማን ይቃወመናል?

እንግዲህ ዛሬ ማታ እያንዳንዳችሁ አንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየት እስከ የት እንደምትሄዱና ከማን ጋር እንደምትሄዱ ጻፉ። የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።