የአረጋዊ ጉበት

በሐረሪ ክልል በሶፊ፣ በጫት ማሳ ዳር፣ በጡረታ የሚኖሩ አንድ የጤና መኮንን ሕክምና ከሚማረው የጎረቤታቸው ልጅ ጋር የተነጋገሩት።

ወጣት፦ አባባ፣ በኢጣልያና በስፔን ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሞት ጉበቱን ለሕመምተኛ ይተክሉታል አሉ፤ ሥጋ ከነባለቤቱ የሚያረጅ ሲሆን ይህ እንደ ምን ይሆናል?

አረጋዊ፦ እውነት ነው፣ ልጄ። ብልቶች ሁሉ በአንድ ልክ አያረጁም፤ ልብና ኩላሊት በደም ሥሮቻቸው መጥበብ ቀድመው ሲደክሙ፣ ጉበት ከሁለት ወገን ደም የሚቀርብለትና ራሱን የማደስ ጸጋ የተሰጠው በመሆኑ፣ ባለቤቱ ምርኩዝ ከያዘ በኋላም ሥራውን ሳያጓድል ይቆያል።

ወጣት፦ እንግዲያስ ከወጣት ጉበት አይለይም ማለት ነውን?

አረጋዊ፦ ይለያል እንጂ! መጠኑ ያንሳል፣ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ በበረዶ ውስጥ ብዙ ሰዓት መቆየትንም አይታገሥም። ስለዚህ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ዕድሜን ጠይቆ ብቻ አይፈርድም፤ ጉበቱን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ቀይ ቡናማ፣ ለስላሳና ጠርዙ ስል የሆነውን ይወስዳል፤ ወደ ቢጫነት ያደላና ጠርዙ የደነዘ ሲሆን ግን ስብ እንደ ወረሰው ጠርጥሮ ጥቂት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ስብ የሞላውን የአርባ ዓመት ሰው ጉበት ትቶ ንጹሑን የአረጋዊ ጉበት ቢመርጥ አይደነቅም።

ወጣት፦ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አረጋዊ፦ እዚሁ ሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ጫት በሚቅሙ ዘንድ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም እንደሚበዛ አሳይቷልና ነገሩ የደጃችን ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ ጉበቱ የታመመበት ግን ገንዘብ ካገኘ ወደ ሕንድ ይሄዳል። በዚያም የሚበዛው ከሕያው ዘመድ ጉበት ከፍሎ መትከል ነውና፣ ለለጋሹ የሚቀረው ክፍል እንደገና ማደግ ስላለበት፣ አረጋዊ አባት ለልጁ ልስጥ ቢል አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉትም። የሽማግሌ ስጦታ በአብዛኛው የሚፈቀደው ከሞት በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ በአገራችን መንገዱ ገና አልተጠረገም፤ እኔንም የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

ወጣት፦ እርስዎስ ይሰጡ ነበርን?

አረጋዊ፦ በሙሉ ፈቃዴ። የዓይን ብሌንማ በ1995 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከሙታን እየተወሰደ ለዕውራን ብርሃን ሆኗል። ለጉበት ግን ልቡ እየመታ አንጎሉ የሞተውን ሰው ሞት በሕግ የሚመሰክሩ ሐኪሞች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና በጥቂት ሰዓት የሚያደርስ መጓጓዣ ያሻል። እስከዚያ አንተ ለጎረቤቶቻችን ንገራቸው፤ የወፍ በሽታ ምልክት ሲያዩ ጁገል ወርደው ደማቸውን ያስመርምሩ፣ ሕፃናትንም የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ሳይከተቡ አያስቀሯቸው።