አሮጌ መኪና በከንቱ ነዳጅ እንዳይፈጅ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከባቱና ከመቂ እስከ ሞጆና አዳማ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ አሮጌ ፒካፖች ይታያሉ። ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ ነዳጅ አልቋል» ይላል። ባለቤቱም፣ «ትናንት ሞልተን አልነበር እንዴ፣ ልጄ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። ነገር ግን ነዳጁን የሚፈጀው ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ነው። ዋጋው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚከፈለው ከሽንኩርቱ ሽያጭ ነው።

አገራችን ነዳጅ የምትገዛው ከውጭ አገር፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ቦቴዎች ከጅቡቲ ጭነው በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያልፋሉ። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር በአገራችንም የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የነዳጅን ዋጋ ገበሬም ሆነ ሾፌር አይወስነውም። በከንቱ የሚቃጠለውን ግን መቀነስ ይቻላል።

1. መጻፍ

የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እርሳስ ነው። ነዳጁን ሙሉ አስሞሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ሙሉ ስታስሞሉ ስንት ሊትር እንደገባና ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ጻፉ። ለምሳሌ 320 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 40 ሊትር ቢገባ፣ 320 ለ40 ሲካፈል 8 ይሆናል። መኪናው በ1 ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ፣ በአንድ መንገድ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር እንደፈጀ ጻፉ። ጭነቱንም ጻፉ። የተጻፈ ሒሳብ ጠብ ያበርዳል።

2. ጎማ

አህያ በጭቃ ስትሄድ ቶሎ ይደክማታል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩ ለመጎተት ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል። ጎማው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ነፋሱን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት መኪናው ሳይነዳ አስለኩ። በሞቀ ጎማ ላይ የሚለካው ልክ ከፍ ስለሚል ያሳስታል።

3. የአየር ማጣሪያ

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አፍንጫው የአየር ማጣሪያው ነው። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። የታፈነ ሞተር ጉልበት ያጣል። ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ነዳጁ በሚገባ አልተቃጠለም። የወረቀት ማጣሪያን አውጥቶ በቀስታ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ይቻላል። በውኃ ወይም በቤንዚን አይታጠብም። ከቆሸሸ ይቀየራል። «አየር እንዲያገኝ» ብሎ ያለ ማጣሪያ መንዳት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አቧራው ሞተሩን ከውስጥ ይፈጨዋል።

4. ፍሬንና ማፍሰሻ

ፍሬኑ የማይለቅ መኪና ታስሮ እንደሚጎተት በሬ ነው። መኪናው ሲቆም አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይየው። ቸርኬው ሊያቃጥል ስለሚችል እጅን አቅርቦ ማየት እንጂ መንካት አይገባም። ማታ መኪናው በቆመበት መሬት ላይ የነዳጅ ጠብታ ካለ ቧንቧው ይጠገን። ይህን ስትመለከቱ ክብሪት አትጫሩ፣ ሲጋራም አታጭሱ።

5. አነዳድ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በድንገት መርገጥና በድንገት ማቆም ነዳጅ ይፈጃል። በአንድ ፍጥነት ረጋ ብሎ መንዳት ይሻላል።

ከአዳማ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። ነዳጅ አተርፋለሁ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር አለ። ይህ አደገኛ ነው። ሞተሩ መኪናውን ስለማይዘው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊል ይችላል። ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል።

ጭነት ሲጠበቅ ሞተሩ ይጥፋ። «ባትሪው ደክሟል፣ ካጠፋሁት ካልተገፋ አይነሳም» የሚል ሾፌር ሞተሩን ቀኑን ሙሉ አያጠፋም። ለዚህ መድኃኒቱ ባትሪውን ማስመርመር ነው። ሥራ የሌለው ብረትና የተረፈ ጭነትም ከመኪናው ይውረድ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ደብተሩን እንደገና ተመልከቱ። ለምሳሌ 8 የነበረው 10 ቢሆን፣ ለዚያው 320 ኪሎ ሜትር 32 ሊትር ይበቃል። 8 ሊትር ተረፈ ማለት ነው። የሁሉም መኪና አንድ አይደለም። የእናንተን መኪና የሚነግራችሁ የራሳችሁ ደብተር ነው።

መልመጃ

1. የአየር ማጣሪያ ሲደፈን ሞተሩ ምን ይሆናል?
2. በፎሌ ቁልቁለት መውረድ ለምን አደገኛ ነው?
3. አንድ ፒካፕ 270 ኪሎ ሜትር ሄዶ 30 ሊትር ፈጀ። በ1 ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?
4. በአካባቢያችሁ 1 ሊትር ነዳጅ ስንት ብር ነው? 8 ሊትር ቢተርፍ ስንት ብር ይድናል? አስሉና ጻፉ።